ዝናቡን በስም ርዝመት ስለለካው ፕሮግራማችን

ለክቡር አቶ አዳነ
የወንዝና የመስኖ ጥናት ክፍል ኃላፊ
ወልቂጤ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በደረቅ ጫማና ጣሪያው በማያፈስ ቢሮ ውስጥ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የጎደለኝ እንቅልፍ ብቻ ነው፤ እሱም በእርስዎ አመራር እንደ ትጋት ስለሚቆጠር ከቅሬታዎቼ አላስገባሁትም።

አንደኛ፤ ጋሽ ተሰማ ጡረታ ሳይወጡ ወልቂጤ ላይ የጻፉትን የዝናብ ፕሮግራምና ባልደረባችን ሃሊማ ቡታጅራ ላይ የጻፈችውን የወንዝ ሙላት ፕሮግራም፣ ሁለቱም ፎርትራን በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ስለተጻፉ ብቻ፣ እስከ ሐሙስ አንድ እንዳደርጋቸው ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። ቋንቋቸው አንድ ነው። ወደ ማሽን ቋንቋ የተለወጡት ግን በተለያየ ኮምፓይለር፣ በተለያየ የጥሪ ደንብ ነው። የጋሽ ተሰማ ፕሮግራም የሃሊማን ሲጠራ መጀመሪያ የጣቢያውን ስም፣ ቀጥሎ ስሙ ስንት ፊደል እንደሆነ፣ በመጨረሻ የዘነበውን ሚሊሜትር ያቀብላል። የሃሊማው ደግሞ ከስሙ ቀጥሎ ዝናቡን ይጠብቃል፤ የፊደሉን ቁጥር መጨረሻ ላይ። ሁለቱም በየቤታቸው ትክክል ናቸው። ሃሊማ ደውላ «ቃልዬ፣ ይሄ ነገር በጉልበት አይሆንም፤ ቆይ መሃል የሚገባ ኮድ ልጻፍልህ» ብላኝ ነበር። እኔ «ለሐሙስ ነው የተባለው» አልኳት። ሊንከር የምንለው አገናኝ ፕሮግራም መጀመሪያ እምቢ አለ። የሚፈልገውን ስም አስመስዬ ሰጠሁት። እሱም ስሙንና የሚቀባበሉትን ዕቃ መጠን አይቶ አሳለፈን፤ ውስጡን አልጠየቀም። ስህተት፦ ዜሮ። ዜሮዋን ፎቶ አንስቼ ለባለቤቴ ለሰብለ ላክሁላት።

ሁለተኛ፤ በሐሙሱ ስብሰባ ላይ ስላስጨበጨቡልኝ። በዚያች ሰዓት የወንዙ ፕሮግራም እንደ ዝናብ የተቀበለው የስሞቹን ርዝመት ነበር። ቡታጅራ በላቲን ስትጻፍ ስምንት ፊደል ስለሆነች በየቀኑ ስምንት ሚሊሜትር ዘነበባት። ጥያ አራት። ወልቂጤና እምድብር ሰባት ሰባት። ስልሳ ሚሊሜትር በወረደበት ቀን እንኳ። እርስዎ ሰንጠረዡን አይተው «ወልቂጤና እምድብር እኩል? ፍትሐዊ ነው» አሉ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

ሦስተኛ፤ ከዚያ ተነሥተው «በዚህ ክረምት ወንዙ ከዳሩ አይወጣም» የሚል ማስታወቂያ በማኅተም ስላወጡ። ስህተቱን ያገኘሁት በቀጣዩ ማክሰኞ ነው። የተስተካከለው ስሌት ወንዙ ሁለቱንም ዳር እንደሚያልፍ ይናገራል። ወደ ቢሮዎ ሮጥኩ። «ማኅተም ያረፈበት አይነሣም፤ ደግሞስ ያገናኘኸው አንተ አይደለህም?» አሉኝ።

ነኝ።

አራተኛ። አራተኛው ቅሬታ እኔ ራሴ ነኝ። በሥራ ማመልከቻዬ ላይ «ፎርትራን፦ በጣም ጥሩ» ብዬ የጻፍኩት። ከጭብጨባው በኋላ ሰንጠረዡን ደግሜ ማየት ምስጋና ቢስነት የመሰለኝ። ወይም ፈርቼ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ እስካሁን አልለየሁም።

ከቢሮዎ እንደወጣሁ፣ መስቃን ውስጥ በወንዙ ዳር በርበሬ ለሚያለማው ለሙዝደሊፋ፣ ያለ እርስዎ ፈቃድ፣ ደወልኩና የውሃ ሞተሩን እንዲያነሣ ነገርኩት።

«ማስታወቂያው አይሞላም ይላል እኮ፣ ወንድሜ።»

ማስታወቂያውን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩት።

«ወላሂ፣ እንዲህ ብሎ የሚደውል የመሥሪያ ቤት ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። አጭበርባሪ ነህ እንዴ?»

ዘጋብኝ። ትንሽ ቆይቶ መልሶ ሲደውል ከኋላው «ሳብ! ሳብ በለው!» የሚሉ ድምፆች ይሰሙ ነበር።

ሳይፈቀድልኝ ከአርሶ አደር ጋር በመነጋገሬ የላኩልኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኛል። ከማስታወቂያው ይልቅ በጥንቃቄ የተጻፈ ነው፤ ለዚህም ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሲያጨበጭቡለት የሚያምን፣ ሲቆጡት ደግሞ ይበልጥ የሚያምን፣ ለትእዛዝዎ ፈጣን ለራሱ ስሌት ግን ዘገምተኛ የሆነ ታናሽ ሠራተኛዎ፣

ቃለአብ

ተጨማሪ፦ ደብዳቤዬን በአደባባይ ያወጣሁት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም፤ ያ ከአቅሜ በላይ ነው። እኔ የማውቀው የሙዝደሊፋን ስልክ ብቻ ነው። የሌሎቹ አርሶ አደሮች ስልክ ያለው እርስዎ ዘንድ ነው። ስለዚህ በወንዙ ዳር ያላችሁ፣ ወይም እዚያ ዘመድ ያላችሁ፦ ሞተራችሁን ዛሬውኑ አንሡ። ክቡርነታቸው እስኪፈቅዱ አትጠብቁ።