የገነት አድራሻ

ንፋስ መውጫ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ኢምራን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እማዬና እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ናፍቆትህ ብቻ ነው የሚያስቸግረን። ይህን በስልክ ልጽፈው ፈራሁ። ዕቃ ሊያመጡ አዲስ አበባ የሚሄዱት አጎታችን ኢልያስ በእጅህ ይሰጡሃል።

ለቢሯችን የሠራኸው ዳታቤዝ ውስጥ የእህል ዘር እደላውም፣ ከባላቸው ዱላ የሸሹት ሴቶችም አንተ ስኪማ በምትለው በአንድ የመዝገብ ክፍል እንዳሉ ታውቃለህ። የወገዳም የአርብ ገበያም የወረዳ ሠራተኛ የፈለገውን ሰንጠረዥ ይጨምራል፤ የሁሉንም ያያል። «ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ማንንም ሳይለምኑ ይሥሩ» ብለህ ነበር። እውነትም ሥራው ቀለለ።

ባለፈው ማክሰኞ ግን፣ ከስማዳ ሸሽታ የመጣችውን ገነትን ካስጠጋንበት ቤት በር ላይ ባሏ ታፈረ ቆመ። ወገዳ የዘር እደላውን የሚመዘግበው የአክስቱ ልጅ አድራሻዋን አንብቦ ነግሮት ነው። እሷ በጓሮ አጥር ዘላ አመለጠች። እሱ ቢሮ መጣ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«ሚስቴን የት አዛወርሻት?»

«አላውቅም» አልኩት።

«ቤትሽ ከመስጊዱ ጀርባ ነው አይደል?» ብሎኝ ወጣ።

የዚያኑ ቀን አድራሻዎቹን ለብቻቸው ስኪማ አውጥቼ ከእኔና ከነርሷ ቃልኪዳን በቀር ማንም እንዳያይ ዘጋሁት። ለየወረዳው የራሱን ስኪማ ከፈትኩ፤ እዚያ እንደልቡ ይጨምር፣ ይቀይር። ኃላፊያችን አቶ አድማሱ ተቆጡ።

«ደም እየፈሰሳት ወገዳ የደረሰች ሴት፣ አንቺ በስልክ ባትገኚ የት ይውሰዷት? እስከ ሰኞ ክፈቺው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ብከፍተው ለገነት እፈራለሁ፣ ብዘጋው ነገ ለምትመጣው። ሳስብ ሰንብቼ፣ ለየወረዳው አንድ መቀበያ ቤት ብቻ እንዲታይ አደረግሁ፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደሚሄዱ ከሁለታችን ሌላ የሚያይ የለም። አቶ አድማሱ «እንሞክረው» አሉ።

ታፈረ ግን ከተማውን አልለቀቀም። ዛሬም ባጃጅ መቆሚያው ጋ ተደግፎ ወደ ሰፈራችን ሲያይ አየሁት። እማዬ ቀንም በሩን መቀርቀር ጀምራለች፤ ለጎረቤት ሁሉ «አሞኛል» እያለች ሰው አታስገባም።

አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፤ በሰላም ያገናኘን። ለእማዬ ስትደውል ከኋላዋ የማታውቀው የሴት ድምፅ ብትሰማ፣ ማን ናት ብለህ አትጠይቃት።

እህትህ ሂባ