ጥፋቱ የኤልሳቤጥ አልነበረም

ለውድ እህቴ ለታደለች፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ሐኪሙ ያዘዘልሽን የእግር ጉዞ በየቀኑ ትሄጃለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ በዝናቡ ታሳብቢያለሽ? ብርሃነመስቀልስ የደም ግፊት መድኃኒቱን ሰዓቱን ጠብቆ ይወስዳል? ለተማርያም አዲሱ መሥሪያ ቤት ተስማማት? የጎረቤቶቻችንን ደኅንነት፣ የደሴን ብርድ፣ የበልጉን ነገር ሁሉ በዝርዝር ጻፊልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጄ ካሳነሽ ጡረታ እንዳይሰለቸኝ ብላ የሰፈሩን ልጆች ሰብስባልኝ፣ ከሰዓት በኋላ ሂሳብ አስጠናለሁ።

የዛሬው ደብዳቤዬ ስለ ልጅሽ ስለ ተስፋሁን፣ ስለ ኤልሳቤጥና ስለ ልጃቸው ስለ ሣህሊቱ ነው። ሁለቱ ከተለያዩ ሁለት ዓመት አለፋቸው። አንቺም ኤልሳቤጥ ልጄን ከሳ ደመወዙን አስያዘችው ብለሽ ስልኳን ማንሳት ከተውሽ ስምንት ወር ሆነ። በዚህ ስምንት ወር ውስጥ እኔ እውነቱን እያወቅሁ ዝም አልኩ። አፍሬ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን ስሕተታችሁን በቀይ አስምሩበት ስል ኖሬ የራሴን ማስመር አቃተኝ። ዛሬ ላስምረው። ከዚያ የምኮራበትን እነግርሻለሁ፤ እሱ ይበልጣል።

እዚህ አሜሪካ እናትና አባት ሲለያዩ ልጁ ከሁለቱም የሚገባውን ድጋፍ እንዲያገኝ የሚከታተል የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ። እናትም አባትም ሄደው ማመልከት ይችላሉ። ኤልሳቤጥ አዛውንቶችን እየተንከባከበች ነው የምትኖረው። ወደ መሥሪያ ቤቱ የሄደችው በጥላቻ አይደለም፤ ተስፋሁን የሚሰጣት አንዴ ሞልቶ አንዴ ጎድሎ፣ የቤት ኪራይ ሲደርስ በእጇ ምን እንደሚኖር ማወቅ ስለቸገራት ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ለተስፋሁን እንደደረሰው ይዞት ወደ እኔ መጣ። በሠላሳ ቀን ውስጥ መልስ ስጥ ይላል። እኔም አቶ አበበንና አቶ አሳምነውን ለሽምግልና ጠርቼ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ተቀመጥን። አቶ አበበ መኪናውን የሚያቆምበት አጥቶ ሰፈሩን ሲዞር ግማሽ ሰዓት አስጠበቀን። አንቺም እንደምታውቂው፣ እኛ ዘንድ ባልና ሚስት ሲካሰሱ ዳኛው ራሱ «ሂዱ፣ በሽምግልና ሞክሩት» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ሽማግሌ የያዘውን ጉዳይ ፍርድ ቤት ይታገሠዋል። እዚህም እንደዚያው መሰለኝ። ተስፋሁንን «አንተ ምንም አትመልስ፤ እኛ ይዘነዋል» አልኩት። ከዚያም በእንግሊዝኛ፣ በተሰመረ ወረቀት ላይ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፌ፣ ጉዳዩ በሽማግሌዎች ስለተያዘ ውጤቱን እስክናሳውቅ ይታገሡን ብዬ ጻፍኩ። ሦስታችንም ፈረምንና በአደራ ደብዳቤ ላክነው። አቶ አበበማ «ይቺን ያነበበ ሹም ከወንበሩ ይነሣል» አለ።

ሹሙ አልተነሣም። ሠላሳው ቀን አለፈ፤ ጉዳዩ ተስፋሁን በሌለበት ታየ። የገቢ ማስረጃ ስላልቀረበ ሙሉ ሳምንት እንደሚሠራ ተገምቶ ተወሰነበት። እሱ ግን በዚያን ወቅት ከሚሠራበት የመኪና ማቆሚያ በሳምንት ሁለት ቀን ተቀንሶበት ነበር። ከደመወዙ መቆረጥ ሲጀምር ላንቺ ደወለ፤ አንቺም የሰማሽውን ሰማሽ።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ባዶ እጄን አልሄድም ብሎ ቅዳሜ ቅዳሜ ሣህሊቱን መውሰድ ተወ። ሲያትል ያለ ጓደኛው ዘንድ ጠቅልሎ ለመሄድም ሻንጣውን አዘጋጀ። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው። «ጋሼ፣ የባባ ስልክ ተበላሸ እንዴ?» ትለኝ ጀመር።

ተስፋሁን ቤት ድረስ ሄጄ መሥሪያ ቤቱ እንሂድ ስለው «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሌተሩን አስቀምጠው ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? አሁን ደግሞ ኦፊስ እንሂድ ይሉኛል? ኦኬ፣ ቢያስሩኝስ?» አለኝ። «ካሰሩህ አብሬህ እታሰራለሁ፤ ያኔ ሂሳብ ታጠናለህ» አልኩት። ሳይወድ ሳቀ። ሻንጣውን ባይፈታውም ተነሥቶ ጫማውን አደረገ።

የደመወዝ ወረቀቶቹን በቀን ቅደም ተከተል ደርድሬ ሄድን። የተቀበለችን ሠራተኛ አማርኛ አስተርጓሚ በስልክ አገናኘችን። ፋይሉን ስትከፍተው የእኛ ደብዳቤ እዚያው ተቀምጧል! አነበበችውና «የእጅ ጽሑፉ ያምራል፤ ግን መልስ አይደለም» አለች። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ቀጥላ ግን እያንዳንዱን ነገር ሳትቸኩል አስረዳችን። መሥሪያ ቤቱ የእናትም የአባትም ጠበቃ አይደለም፤ የሚያየው ልጁን ነው። ገቢ ሲቀንስ ሳይውሉ ሳያድሩ ማመልከት ያስፈልጋል፤ የሚሻሻለው ካመለከቱ ወዲህ ያለው እንጂ ያለፈው አይደለም። ልጅን ማየትና ገንዘቡ ደግሞ ለየብቻ የሚታዩ ነገሮች ናቸው፤ ያልሞላለት አባትም አባት ነው። ተስፋሁን ይህን ሲሰማ አስተርጓሚዋን «እስቲ እሱን ይድገሙልኝ» አላት። ደገመችለት። እዚያው የማሻሻያ ማመልከቻውን ሞላ፤ ቀጠሮም ተሰጠን።

በቀጠሮው ቀን ኤልሳቤጥም ተጠየቀች። ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም ነበር። እሷ ግን «ሥራው መቀነሱ እውነት ነው። በነበረው ጊዜም ጫማዋንም ልብሷንም ገዝቷል፤ ውሸት አልናገርም» አለች። ውሳኔው ከገቢው ጋር ተስተካከለ። ሣህሊቱም በአባቷ መሥሪያ ቤት የጤና መድን ገባች። ዐይኗ ተመርምሮ መነጽር ታዘዘላት። ለካ ሰሌዳው አይታያትም ኖሯል፤ እኔ የስንቱን ልጅ ዐይን ያየሁ አስተማሪ ሰነፍ መስላኝ ነበር።

አሁን ወደምኮራበት ደረስኩ። ተስፋሁን ሲያትል አልሄደም። ባለፈው ወር በልጅቷ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር፤ እኔንም ጠሩኝ። እሱ በአንድ ወገን፣ ኤልሳቤጥ በሌላው ወገን፣ ሣህሊቱ መሃላቸው ተቀመጡ። እንደ ባልና ሚስት እንደማይመለሱ ዐውቃለሁ፤ እሱን አልጠብቅም። መምህሯ ስለ ንባቧ ስትናገር ግን ሁለቱም አቀርቅረው ማስታወሻ ሲይዙ አየሁ። ስንት ወላጅ በፊቴ አልፏል፤ እንደዚያ ቀን ደረቴን ነፍቼ የተቀመጥኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ልጅሽ በዚህ አላበቃም። ከሥራ ባልደረቦቹ አንዱ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሰው «መልስ ስጥ፣ መሥሪያ ቤቱ ሽማግሌ አይጠብቅልህም፣ እኔን እይ» እያለ ራሱ ይዞት ይሄዳል። በእኔ ማሳበብ ሲችል አንድ ቀን እንኳ ስሜን አላነሣም። ታደለች፣ ሰው አሳድገሻል። ኤልሳቤጥን ያሳደጉትም እንዲሁ።

እንግዲህ መቆጣት ካለብሽ እኔን ተቆጪ፤ ታላቅሽ ነኝ ብዬ አላኮርፍም። ካሳነሽ ይህን ደብዳቤ በስልኳ ፎቶ አንስታ ለለተማርያም ትልክላታለች፤ ዋናው በፖስታ ይደርስሻል።

ብርሃነመስቀልን ጨብጠሽ ሰላም በይልኝ፤ መድኃኒቱንም አደራ። ለተማርያምን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ለጎረቤቶቻችን ለእነእትዬ ሱዓድም ሰላምታዬን አድርሺ። ካሳነሽ በናፍቆት ትስምሻለች። ተስፋሁን ጉልበትሽን ይስማል፤ ያን ቀን በንዴት የነገረሽንም ራሱ ደውሎ ያርማል። ኤልሳቤጥ ግን «የእኔን አይጻፉ፤ ካልመለሱልኝ አፍራለሁ» ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም፤ ይኸው ጽፌዋለሁ፦ ኤልሳቤጥ እጅ ነሥታለች።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት፣ አባቷ ሊወስዳት ከመምጣቱ በፊት፣ በእናንተ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሣህሊቱ ትደውልልሻለች። የራሷ ስልክ የላትም፤ የሚታይሽ የእናቷ ቁጥር ነው።

ወንድምሽ ተክለብርሃን

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና
ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.