ሱቁን ለወንድምህ አስረከብኩት

ከድርዬ፣ ባለህበት ሰላም ሁንልኝ። ከተለየኸኝ ወዲህ አንድ ረመዳን ያላንተ አፈጠርኩ፤ ሁለተኛውም እየመጣ ነው።

ሆዴ ውስጥ ትተኸው የሄድከው ልጅ ወንድ ሆነ። ሙባረክ አልኩት፣ አንተ እንደተመኘኸው። ግንባሩ ቁርጥ አንተን፣ ሲቆጣማ ወይ ጉድ! የሸማ ተራ ሱቅህንና ይህን ልጅ አደራ ብለኸኝ ነበር፤ ሁለቱንም እይዛለሁ ብዬ ቃል ገባሁልህ።

ከዚያ የመሳለሚያው ቤታችን ለልማት ፈረሰ። ጎረቤቱ ተበታተነ፤ ለእኔ ከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ። ፀሐዩ እንደልብ፣ አየሩ ንጹሕ ነው፤ አልዋሽህም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ድሮ ልጁ ሲያለቅስ እትዬ ዘነበች ከጎረቤት አዝለው ሱቅ ያመጡልኝ ነበር፤ የጋቢ ክምር ላይ ቁጭ ብዬ አጠባዋለሁ። አሁን እሳቸውም ሌላ ጫፍ ናቸው። ሱቅ በምውልበት ጊዜ ልጁን ለሠራተኛ ትቼ ስወጣ ተኝቶ፣ ስመለስም ተኝቶ ነበር። ሱቅ ውስጥ ወተቴ ፈስሶ ቀሚሴን ያርሰው ነበር፣ እሱ እዚያ ጡጦ ይጠባ ነበር። ውሃ ሲጠፋ ሠራተኛዋ በጀሪካን የቆየውን ትሰጠው ነበር፤ ተቅማጡ አልለቀው አለ።

ሱቅ ስመላለስ ታክሲ ውስጥ ሸለብ ሲያደርገኝ በሕልሜ ትመጣ ነበር። ሸማ ተራ ሰው የለበትም፣ የጥጥ ብናኝ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል፣ አንተ አዲስ ጋቢ ትከሻህ ላይ ጣል አድርገህ ልጁን ከእጄ ትቀበለኛለህ። ትጠቀልለዋለህ፣ ትስቃለህ። ረዳቱ መሳለሚያ ብሎ ሲጮህ እነቃለሁ። ያኔ ልጄ ይናፍቀኛል፣ አንተም ትናፍቀኛለህ።

አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡት ነርሷ ካርዱን አሳየችኝ፤ ክብደቱ ካለፈው ወር ቀንሶ ነበር። ከድርዬ፣ ያ ቁጥር አንጀቴን በጠሰው።

ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ አካባቢውን ለማልማት ተብሎ፣ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተከፍቷል። የሕፃናት ማቆያ ስላለው እናት በሥራ ሰዓት ወጥታ ታጠባለች። ጎረቤቶቼን የበተነብኝ ልማት ደግሞ ልጄን አጠገቤ አመጣልኝ፤ ልመርቀው ወይስ ልርገመው፣ እኔ እንጃ። ገባሁበት። ሱቁን ለታናሽ ወንድምህ አስረከብኩት። ከአባትህ የወረስከው መሆኑን ረስቼ አይደለም። ብትኖር ታኮርፈኝ ነበር፣ አውቅሃለሁ፤ ሱቅህ ሲነሳ መች ሰው ትሰማለህ!

አሁን የሙባረክ ጉንጭ ሞልቷል፣ ወዙም ተመልሷል። ከፍ ሲል ሸማ ተራ ይዤው እሄዳለሁ፤ አባትህ እዚህ ጋ ቆሞ ደንበኛ እያሳቀ ይሸጥ ነበር እለዋለሁ፤ አንተን ሳላነሳለት የሚያልፍ ቀን አይኖርም። ስለ ሱቁ ግን ይቅርታ አልጠይቅህም፣ የኔ ፍቅር። ልጅህ ጠግቦ ተኝቷል።

ያንተው ሰዓዳ