ለገበያ የተጣሉ ልጆች

ሰኞ

ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኳ። ቄሱ፣ የዕድሩ ዳኛና አንድ የማላውቀው ሰው። በዚህ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ለደግ አይመጣም።

ብሩክን ገደሉት። ከሞያሌ ወደ ነገሌ ሲመለስ። የማላውቀው ሰው የአይሱዙው ሾፌር ነበር፤ ሸሚዙ ላይ የልጄ ደም ደርቋል። ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ከቁጥቋጦ ወጡ አለ። ብሩክ ስልኬን አልሰጥም ብሎ ታገለ፤ ደረቱን በጥይት መቱት።

ፊቴን ስቧጥጥ ጎረቤቶቼ እጄን ያዙኝ። ጥፍሬ ሥር ያለው ደም የራሴ ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ እጄ ቀርፋፋ ነው። ካልጻፍኩ ግን እጮሃለሁ።

ማክሰኞ

ቀበርነው።

ድንኳን ውስጥ የልጄን ድምፅ ሰማሁና ብድግ አልኩ። ወጣቶቹ ስልክ እያዩ ነው። ብሩክ ሥራው ይህ ነበር፤ በስልክ ለሚከታተሉት ሰዎች ጫማ፣ የሶላር መብራት፣ የሱቅ ዕቃ ማስተዋወቅ። ጓደኛው ጉዮም እንደዚያው። ወራት ሙሉ በስልክ ሲሰዳደቡ ከርመዋል፤ ግማሹ ሰው የብሩክን ጫማ፣ ግማሹ የጉዮን ጫማ ይገዛል። አሁን የሚያዩት ጉዮ ሲዝት ነው፦ «ሞያሌ ሂድ! ተመልሰህ ነገሌን ካየህ እኔ ጉዮ አይደለሁም።»

«ያስገደለው እሱ ነው» አለ አንዱ። ሌላው መሬት ላይ ተፋ።

ያ ጠብ የተሠራው እኔ ግቢ ነው። ስልኩን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። የሁለቱም ጫማ የሚመጣው ከአንድ ነጋዴ ነው። ብሩክ እንዲህ ብሎኝ ነበር፦ «እማ፣ ድሮ ጫማ አንስቶ ግዙ ማለት ይበቃ ነበር። አሁን ማን ያያል? ከእንግዲህ የሚሸጠው ጠብ ነው።» ዛቻውን ሲቀርጹ ሳቅ እያመለጣቸው ስንቴ ደገሙት። ከዚያ ከአንድ ትሪ በሉ።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ረቡዕ

ጉዮ ቀብር አልመጣም። ጠቡ እውነት ሆኖ ቢሆንስ? ማገዶ የምንፈልጥበትን መጥረቢያ ብድግ አድርጌ አየሁት። አንገቱን አሰብኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ነጋዴው ስኳር ይዞ መጣ። ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ፣ «ጠቡ የውሸት እንደነበር አይናገሩ። ሰው ተታለልን ብሎ ልጅዎን ይረግማል» አለኝ። ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ለቅሶዎን በስልክ ያላየ ሰው የለም። ወደፊት ሰው የሚያምነው ቆንጆ ልጅ አይደለም፣ እንደ እርስዎ ያለ እናት ነው። ከአርባው በኋላ እንነጋገር።» ስኳሩን ፊቱ ላይ በተንኩት። በምርኩዜ ትከሻውን መታሁት። ሴቶቹ ያዙኝ እንጂ አልተውም ነበር።

ሲመሽ የጉዮ እናት ሎኮ በጓሮ መጣች። በሰላሙ ጊዜ «ናጋ?»፣ ሰላም ነው ወይ፣ ብላ ነበር የምትገባው፤ ዛሬ አላለችም። «ጉዮን ከብቶቹ በረት ደብቄዋለሁ። እህል አልቀመሰም። ወንድሜን፣ ወንድሜን እያለ ራሱን ከግንዱ ጋር ያጋጫል። እውነቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ግንባሯን ጉልበቴ ላይ ጣለች። መጥረቢያው ከኋላዬ ነበር።

ሐሙስ

ሰልስት። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ወጣቶቹ ከበቡኝ። አንዱ ስልክ ደቅኖብኛል። «እማማ፣ ላይቭ ነን። አንድ ቃል ብቻ ይበሉ። ቤንዚኑ ተዘጋጅቷል።»

ወደ ሎኮ ቤት ሄድኩ። ተከተሉኝ። እሺ ያልኩ መስሏቸዋል። እዚያ ስደርስ ሌሎች ቀድመውናል፤ የመስኮቱ መስታወት ረግፏል፣ ጣራው ድንጋይ ይወርድበታል። በሩ ላይ ቆምኩና ወደ ስልኩ ተናገርኩ፦ «ጠቡ ውሸት ነው። ልጄና ጉዮ ጫማ ሊሸጡላችሁ ነው የተጣሉት። በስልክ የቀረጽኳቸው እኔ ነኝ።»

«ስንት ከፈሉሽ?» አለ አንዱ። አንቱታው ቀረ። ድንጋይ ግንባሬን መታኝ፣ ዓይኔን ደም ሸፈነው። ጄሪካን የያዘውን ልጅ አንቄ ያዝኩት፤ ስንታገል ቤንዚኑ ነጠላዬ ላይ ፈሰሰ። «በሉ እንግዲህ፣ ከእኔ ጀምሩ» አልኩ። ክብሪት የያዘ ልጅ ነበር። አየኝ፣ አየሁት። እናቱን አውቃታለሁ። ክብሪቱን ኪሱ ከተተ።

ፖሊስ ሲመጣ ግማሾቹ ሄደው ነበር። ጉዮን ለራሱ ደኅንነት ብለው ወሰዱት።

ዓርብ

ግንባሬ ተሰፍቷል። ልብሴ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። በስልክ ልጄን አታላይ እያሉት ነው። ነጋዴው ያለው አልቀረም። የገደሉት ሰዎች አልተያዙም። ይያዙ አይያዙ አላውቅም።

ፖሊሶቹ ጉዮን ለቅሶ አስደረሱት። «አዮ» ብሎ፣ እናቴ ማለቱ ነው፣ እግሬ ላይ ወደቀ። ብሩክ መጨረሻ ምን አለህ ብዬ ጠየቅሁት። «ከሞያሌ ደወለልኝ። ጠቡ ሰልችቶናል፣ ስመለስ እንታረቅ፣ እርቅም ይሸጣል አለኝ።»

ሳቅሁ። ድንኳኑ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ተቃቅፈን ጮህን።

ይህን የምታነቡ፣ ጫማውን የገዛችሁም የረገማችሁትም፣ ለልጄ ጸልዩለት። በስልክ በምታውቁት ስም አይደለም። የክርስትና ስሙ ገብረ ሚካኤል ነው።