ዳቦና ቸኮሌት በአንድ ጣሪያ ሥር

ሴፕቴምበር 16

ዝናብ። ጠዋት ያወጣሁት ዳቦ እስከ ከሰዓት መደርደሪያው ላይ ተኝቶ ዋለ። እትዬ ኤድሜ ብቻ መጡ። «ሌዮንስ፣ ዛሬም አሳረርከው» አሉኝና ያንኑ ያረረውን መርጠው ወሰዱ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሰው ሳይነቅፉ አይነጋላቸውም።

ሶላንዥ ከምዕራቡ አገር፣ ከአልበርታ፣ ከመጣች ሁለተኛ ሳምንቷ። እናቷ፣ እህቴ፣ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ያሳደግናት እኔና ሚስቴ ኦቤሊን ነን፤ ሌላ ልጅ የለንም። የዓሣ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ወጣቱ ሁሉ ወደ ምዕራብ እየሄደ እዚያው ይቀራል። እሷም ሰባት ዓመት ቀረች። ዛሬ ምሳ ላይ ግን... «እዚህ መኖር እፈልጋለሁ አጎቴ፤ ሥራ ካገኘሁ» አለች።

ሥራ ካገኘሁ። በዚህች መንደር ምን ሥራ ይገኛል?

ሴፕቴምበር 22

ነገሩን ዘረገፈችው። ካናቢስ ያለበት ቸኮሌት። ቴምር፣ ጨው፣ ቸኮሌት... ከዚያ እፁ በጠብታ። ሞንክተን ከተማ ያለ አንድ ባለሀብት ገንዘቡን ያወጣል፣ እሷ ትመራለች፣ እኔ እሠራለሁ። ቦታው ዳቦ ቤቴ።

«በስተርጅና ሀሺሽ ልታሠሪኝ ነው?»

«መንግሥት የፈቀደው ነው እኮ! በየከተማው ሱቅ አለው።»

«እሺ። ከዳቦው ጎን እንሠራዋለና።»

የጠረጴዛውን ፍርፋሪ በጣቷ መልቀም ጀመረች። ይህን ነገሯን ከልጅነቷ አውቀዋለሁ፤ ሳህን ሰብራ ስትደብቅ እንዲሁ ነበረች። ለካ ሕጉ አይፈቅድም። ለሽያጭ የሚሆን ምግብና ካናቢስ በአንድ ሕንፃ ውስጥ አይሠሩም። ሌላ ክፍል አይበቃም፣ ሌላ ሕንፃ ነው የሚለው። ሌላ ሕንፃ ለማቆም ደግሞ ባለሀብቱ እሺ አይልም።

ዳቦው ይቁም ማለት ነው። በዚህ ቤት አባቴ አርባ ዓመት ጋገረበት። እኔ ሠላሳ አራት።

ኦክቶበር 3

ኦቤሊን፣ ፊቷን ሳታዞር፦ «ዳቦው ነው የሚሻልህ ወይስ ልጅቷ?» ማታውን ለሶላንዥ እሺ አልኳት።

ኖቬምበር 8

ብረት ገዢዎቹ መጡ። ትልቁ ምድጃ በበሩ አልወጣ ስላላቸው አራት ቦታ ቆረጡት። የመጨረሻውን ዳቦ ትናንት በነፃ አደልኩ። ሰዉ ተሰልፎ ወሰደ። በደህናው ቀን የት ነበራችሁ? አልኩ በልቤ።

እትዬ ኤድሜ አልተሰለፉም። መንገድ ላይ አዩኝና አንገታቸውን አዙረው አለፉ።

ሶላንዥ ወደቡ አጠገብ ቤት ተከራየች። የሁለት ዓመት ውል። ይኸው ነው የፈለግሁት፤ ታዲያ ለምን ከፋኝ?

ኖቬምበር 14

ከዓምና ኖቬምበር ወዲህ፣ ዓመት ሙሉ አልጻፍኩም። ምን ይጻፋል? ቅጽ ስንሞላ፣ ግድግዳ ስንቀባ፣ ካሜራ ስንሰቅል ከረምን። ፈቃዱ ዛሬ መጣ። ሶላንዥ ወረቀቱን ይዛ አለቀሰች። አቀፍኳት፣ እኔም... እሺ፣ አለቀስኩ።

ኖቬምበር 27

መቅመስ ክልክል ነው! ለመቅመስ ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እሱ የለንም። ዛሬ ሳላስበው ማንኪያውን ወደ አፌ ሳስጠጋ ሶላንዥ ከወዲያ ጮኸች፦ «አጎቴ፣ አፍህን! ካሜራ አለ!» የቀጠርናቸው አምስት ሠራተኞች ሳቁብኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ያበላኝ ምላሴ ሥራ ፈታ። ጨው በዝቶ ይሆን? አንሶ ይሆን? የሚያውቀው ሚዛኑ ነው።

ዲሴምበር 12

እትዬ ኤድሜ ታረቁኝ። ለእኔ አዝነው አይደለም፤ ጉልበታቸው እንቅልፍ ቢነሳቸው ነው። ቸኮሌታችንን ከከተማ አስገዝተው ይዘው መጡ።

«በል ክፈትልኝ።»

ጣታቸው በቁርጥማት ተጣሟል። ማሸጊያው ሕፃን እንዳይከፍተው ተብሎ የተሠራ ነው። እኔም ታግዬ ታግዬ በጥርሴ ከፈትኩት።

«ለሕፃን ከለከላችሁ፣ ለአሮጊት ከለከላችሁ። ማን ይብላው፣ ጥርሳም ብቻ?»

«ሕጉ ነው እትዬ።»

«እሺ፣ ውስጡ ያለው ስንት ነው?»

«አሥር ሚሊግራም። በአንድ እሽግ ከዚያ በላይ አይፈቀድም።»

«ነዳጅ ማደያው ጀርባ በድብቅ የሚሸጠው ሰውዬ የእሱ አንዷ ፍሬ የእናንተን አሥር እሽግ ታህላለች ይላል። በላስቲክ ነው፣ በጣት ይፈታል።»

«ምን እንደጨመረበት በምን ያውቃሉ?»

«ዳቦህ ውስጥስ ምን እንዳለ በምን አውቅ ነበር? አንተን ስለማውቅህ ነው እንጂ።»

ተነሥተው ሄዱ። ወዴት እንደሚሄዱ አልጠየቅኋቸውም።

ጃንዋሪ 5

ሶላንዥ ከስታለች። ሱቆቹ ትእዛዝ ቀንሰዋል። «ሰው ማስታወቂያ ሳያይ በምን ያውቀናል?» ትላለች። ማስታወቂያውም ብዙ ነገር አይፈቀድለትም። ማሸጊያው ላይ ከእኛ ስም ይልቅ ማስጠንቀቂያው ይጎላል። ባለሀብቱ በየሳምንቱ ይደውላል። «እስከ በጋ ከቆየን እንተርፋለን» አለችኝ።

ጃንዋሪ 28

ፌብሩዋሪ 2 ለሚውለው የሻንድለር፣ የሻማ በዓል፣ መዋጮ ሰብሳቢዎቹ መጡ። እንደ ወትሮው፣ ጫፉ ላይ የእንጨት አውራ ዶሮ ያለበትን በትር ይዘው፣ እየጨፈሩ፣ ቤት ለቤት። ለበዓሉ እራት አንዱ ድንች፣ አንዱ ቅቤ፣ አንዱ ዓሣ ይሰጣል። የእኛ ቤት ከአባቴ ጀምሮ ዳቦ ነው። እምቢ ያለ ቤት ዓመቱን ሙሉ ስሙ ይነሳል። ዓምና ታምሜአለሁ ብዬ በሬን ዘግቼ ነበር።

በትሩን የያዙት እትዬ ኤድሜ ናቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው!

«ሌዮንስ! ዳቦህስ?»

«ሠላሳ» አልኩ። አፌ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም። ሁሉም አጨበጨበ።

ፌብሩዋሪ 2

እሑድ። የቤታችን ምድጃ ከሁለት ዳቦ በላይ አይዝም። ትናንት ሞከርኩት፤ ሥሩ አረረ፣ ላዩ ሊጥ። ይህንን ይዤ ሰው ፊት ልቀርብ? ጠዋት ቁልፌን ይዤ ሥራ ቦታ ገባሁ። ቴምር የምናደርቅባት ትንሿ ምድጃ አለች። ስድስት ስድስት እያልኩ ጋገርኩ። ቸኮሌቱ ያለበትን ክፍል እግሬ አልረገጠም። የዚያን ክፍል በር ግን... ሙቀቱ ሲበዛብኝ ከፍቼው ነበር።

ከዓመት በላይ ቆይቶ እጄ ሊጥ ጠገበ። ምን ልበል? ደስ አለኝ። ዘፈንኩ መሰለኝ።

እራቱ ላይ ሰዉ ዳቦውን ሲያይ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ሶላንዥ ቁራሽ ይዛ መጣች። «ቤት ነው የጋገርከው?»

«አዎ።»

ፌብሩዋሪ 3

ማንም ምንም አላለም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ማርች 5

ደብዳቤ፣ ፈቃዱን ከሰጠን መሥሪያ ቤት። ባተርስት ከተማ ያለች አንዲት ሴት ስንዴ ከቀመሰች ትታመማለች። የእኛን ቸኮሌት በልታ ታመመች። ማሸጊያው ላይ «ስንዴ የለበትም» ይላል። ቢመረመር ስንዴ ተገኘበት። የተሠራው ዓርብ፣ ጃንዋሪ 31 ነው፤ እሑድን ሳይሸፈን መደርደሪያ ላይ ሲቀዘቅዝ የዋለው።

«ሊሆን አይችልም» ትላለች ሶላንዥ። «ዳቦ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ በዚህ ቤት አንድ ጭብጥ ዱቄት ገብቶ አያውቅም!»

ልነግራት ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ሦስት ጊዜ ዘጋሁት።

ማርች 6

ካሜራውን ራሷ አየችው። ጠራችኝ። እዚያ እኔ አለሁ... ፀጉሬ ዱቄት ለብሶ፣ ወገቤን እያወዛወዝኩ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ትከለክይኛለሽ ብዬ።»

«እከለክልህ ነበራ!»

ከዚያ የማይባል ነገር ተናገርኩ። «ካሜራው ተበላሽቶ ነበር በያቸው።»

«ሴትዮዋ ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኝታለች አጎቴ። የጻፍነውን አምና ነው የበላችው።» አልጮኸችም። ተነሥታ ስልኩን አነሳች፤ ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉንም ነገረቻቸው። እኔ እዚያው ቆሜ ሰማሁ።

ሕጉን ዓመት ሙሉ ስረግም ከርሜ፣ ሴትዮዋን ያሳመምኳት እኔ ሆኜ አረፍኩ። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ማርች 11

ተቆጣጣሪዋ መጣች። ትሑት ናት፣ ጫማዋን ጠርጋ ነው የገባችው።

«ዳቦው ተሽጧል?»

«ኧረ ለእራቱ በነፃ ነው የሰጠሁት።»

«እራቱ ላይ መግቢያ ይከፈላል?»

«ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ...»

«ስንት?»

«አምስት ዶላር።»

ጻፈች። ሲከፈልበት ለሽያጭ የቀረበ ምግብ ነው። «አዝናለሁ አቶ ሌዮንስ። አያቴም ለሻንድለር ታዋጣ ነበር» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ማርች 28

ፈቃዱ ታገደ። ዕቃው ከየሱቁ ተሰበሰበ። ባለሀብቱ በስልክ «በቃኝ» አለ። ሠራተኞቹ ጨብጠውኝ ሄዱ፤ አንዳቸውም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ሶላንዥ አልበርታ ካለ ሰው ጋር በስልክ ስታወራ ሰማኋት።

ኤፕሪል 17

የተሰበሰበው ተወገደ። ሁለት ሰው አይቶ መፈረም አለበት፤ እኔና ሶላንዥ። ዝም ብሎ አይጣልም። ማንም አንስቶ እንዳይበላው ድመት ከሚጸዳዳበት አሸዋና ከውሃ ጋር ይለወሳል። በርሜል ውስጥ በአካፋ ለወስኩት። መለወስማ እጄ ያውቅበታል...

የሚበላ ነገር ስናበላሽ አባቴ ቢያየን ምን ይል ነበር? አባቴ መሬት የወደቀ ቁራሽ ስሞ ነበር የሚያነሳው።

ሶላንዥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ማየት አለብሽ» አልኳት። «ሕጉ ነው።»

ዞራ አየች። ፈረምን።

ሜይ 4

ዛሬ ጠዋት ሄደች። ሻንጣዋን መኪናው ላይ የጫንኩላት እኔ ነኝ።

«ተቀይመሽኛል?»

«አልተቀየምኩህም። ደክሞኛል አጎቴ።»

ብትቀየመኝ ይሻል ነበር መሰለኝ። የተቀየመ ይታረቃል። የደከመውን ሰው ምን ታደርገዋለህ?

ትናንት የመጣው ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ነው። ፈቃዱ ተሰርዟል፤ ስለዚህ ሕንፃው ውስጥ ከዛሬ ጀምሮ ምግብ መሥራት ይቻላል ይላል። ዳቦ መጋገር ይቻላል... በምን ምድጃ? ለማንስ? ከሁለት ያጣ ሆንኩ።

ኦቤሊን ከሱፐርማርኬት ዳቦ ገዝታ መጣች። ተቆራርጦ በላስቲክ የታሰረ። ቢላዋ አንስቼ ነበር፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ጠረጴዛው ላይ እንደ ወትሮው ሦስት ሳህን ደርድራለች። አየኋት፤ አላስተዋለችም። እኔም አልነገርኳት። ተቀምጠን በላን።