ፊልሙ ያላለው ቃል

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለታላቅ እህቴ ለአምለሰት፤ ካለሽበት ቤይሩት።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ብርድ ሲመጣ የሚነሣብሽ የወገብ ሕመም ተሻለሽ ወይ? እመቤትሽስ አመሏ ረገብ አለልሽ? እንቅልፍ ትጠግቢያለሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን በነፍስ አለን። እናታችን እግሯን ቢያማትም ቤተ ክርስቲያን መሳም አልተወችም። ታናሻችን አደይ ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሳ ከፍኖተ ሰላም መጥታለች። ዝናቡም ዘንድሮ በጊዜው ገብቷል፤ በቆሎው ወገብ ደርሷል። ናፍቆትሽን ብጽፈው ወረቀቱ ስለማይበቃ እተወዋለሁ።

እታለም፣ አሁን የምጽፍልሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። የአክስታችን ልጅ ናሁሰናይ የተጎዳው መኪና ገጭቶት ነው ብለን በስልክ የነገርንሽ ውሸት ነው። ውሸቱን ያወጣው አጎታችን አያ ተስፋው ነው፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ። ስልክ ላይ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ እጽፈዋለሁ። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ከወንድምሽ ብትሰሚው ይሻላል።

ባለፈው ዓመት ከማጫወቻው ጋር የላክሽልን፣ የአሠሪዎችሽ ልጆች አይተው የሰለቹት ባለ ስድስት ዲቪዲ የጃፓን የሥዕል ፊልም ትዝ ይልሻል? እኔና ናሁሰናይ ቡሬ ላይ በከፈትናት ቪዲዮ ቤት በየገበያው ቀን ከሰዓት በኋላ እሱን እናሳይ ነበር። መጀመሪያ ገበሬው ሣቀብን። ሥዕል ሲደባደብ ለማየት ነው ወይ ከገጠር የመጣነው አሉ። የመጀመሪያው ክፍል ሲጀምር ግን ሁሉም ጸጥ አለ። የልጁ መንደር በአንድ ጠዋት ያልቃል። ጭንብል የለበሱ ሰይፈኞች ከጭጋግ ወጥተው ሽማግሌ ሕፃን ሳይሉ ይጨፈጭፋሉ፤ የአባቱ ራስ ተንከባልሎ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ታላቅ ወንድሙም በአንደኛው ሰይፍ ይወድቃል። ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ሁሉ አፉን አቆመ። ልጁ አድጎ ተራራ ላይ ለአንድ ሽማግሌ መምህር ውኃ እየቀዳ፣ እንጨት እየፈለጠ ጥበቡን ይማራል። ትንፋሹን ሲይዝ ጡጫው እሳት ይሆናል፤ በአንድ ምት የሰው ደረት ይበሳል። የጃፓኑ ስም ለአፍ ስለማይመች ነበልባል ብዬ ጠራሁት፤ ስሙም ጸደቀለት።

አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ጃፓንኛውን የት አውቄው፤ ከሥር የሚመጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበብኩ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። አንዳንዱ ሳላነበው ስለሚያልፍብኝ ከራሴ እሞላ ጀመር። ሰው ወደደው። ቆይቶ ጣፈጠኝና ጀግናው ሁለት ቃል ሲናገር እኔ ሃያ እጨምርለት ነበር። ፉከራውን፣ ስድቡን፣ የሟቹን ኑዛዜ ሳይቀር እኔ ነኝ የምፈጥረው። ናሁሰናይ በር ይጠብቃል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ግቢው ውስጥ በአሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ሰቅሎ በፊልሙ እንዳየው ይመታል፣ ይረግጣል፣ በክንዱ ይመክታል። አንድ ቀን እንዲሁ ሲያለማምደኝ ጥርሴን አወለቀው፤ ሁለታችንም በደሙ ላይ ሣቅን።

የአክስታችን የካሰች ባል፣ የናሁሰናይ አባት፣ በመሬት ድልድሉ ጊዜ በድንበር ተጣልቶ ሰው መግደሉን ታውቂያለሽ። በዱላ ነው የገደለው። ታስሮ ወጥቶ፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ በመስቀል ሥር ታረቁ፤ ከዚያ እሱም በሕመም ሞተ። የሟቹ ታናሽ ወንድም እጅጉ ይባላል። ያኔ ጎረምሳ ነበር፤ አሁን ባለ ትዳርና የልጆች አባት ነው። እርቁን አክብሮ ዓመታት ኖረ። ጠላ ቤት ሲገባ ግን የሚያሽሟጥጠው አይጠፋም ነበር አሉ። እኔ ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በነበረው የገበያ ቀን ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዓሥራ ዘጠነኛውን ክፍል እያሳየን ነበር። ነበልባል የወንድሙን ገዳይ ሲፈልግ ኖሮ፣ ገዳዩ ሞቶ ልጁን ድልድይ ላይ ያገኘዋል። ልጁ ሰይፉን ጥሎ ይንበረከካል። ነበልባል ጡጫው እየነደደ ቁልቁል ያየዋል። ሰዉ በለው፣ በለው እያለ መጮህ ጀመረ። ጽሑፉ ሲመጣ ግን ሌላ ሆነብኝ፤ ምሬሃለሁ የሚል ነገር ነው። እንዲህ ብዬ ብናገር ቤቱ እንደሚቀዘቅዝ አውቃለሁ። እታለም፣ ያን ጊዜ ከጭብጨባው በቀር ሌላ ነገር አልታየኝም። በያዝኩት በትር ጠረጴዛውን መታሁና «ወንድሙ ተገድሎበት እርቅ የተቀመጠ ወንድ ሱሪውን አውልቆ ቀሚስ ይልበስ!» ብዬ ጮህኩ። ወዲያው ጭንብል ለባሾቹ ደርሰው ድልድዩ ላይ መተራረድ ስለጀመሩ ውሸቴን ማንም አላወቀብኝም።

ቤቱ በሣቅና በፉጨት ተናወጠ። ቀጥሎ ግን ከፊት የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ወደ ኋላ ዞሩ፤ ሌሎቹም ዞሩ። እኔም አብሬ አየሁ። እጅጉ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ዱላውን ተደግፎ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል። በማርያም እምልልሻለሁ፣ መግባቱን አላየሁም ነበር። እሱ ግን ምን ይበል? ቤቱ የገዳዩ ልጅ ቤት ነው፤ ተናጋሪው የዚያው ልጅ ዘመድ ነው፤ ሰሚው የገበያ ሰው ሁሉ ነው። በአገራችን ነገር በጎን እንደሚነገር ታውቂያለሽ። ለእሱ የተባለ መስሎት ቀስ ብሎ ተነሥቶ ወጣ።

ፊልሙ አልቆ ሰዉ ሲበተን ናሁሰናይ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እጅጉ በዚያ ቀን የገዛውን አዲስ ፋስ ጋሪ ላይ ትቶት ኖሯል፤ እሱን ይዞ በሰው መካከል መጣ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ናሁሰናይ ሲያየው ቀኝ ክንዱን ከራሱ በላይ አነሣ፤ በየጠዋቱ እንደሚለማመደው ማለቴ ነው። ፋሱ ከክርኑ በታች አገኘው። እታለም፣ የእንጨት ድምፅ ነው የሰማሁት። ክንዱ በቆዳ ተንጠልጥሎ ቀረ። ደሙ የበሩን መቃንና የአንዲት ቲማቲም ሻጭን ነጠላ አለበሰው። ሁለተኛውን ሲሰነዝር ፋሱ መቃኑ ውስጥ ተቀረቀረ፤ ናሁሰናይን ያተረፈው ያ ነው።

እኔ ከውስጥ አግዳሚ አንሥቼ ወጣሁና የእጅጉን ፊት መታሁት። ወደቀ። ወድቆም መታሁት። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ሰዉም ተጨመረበት፤ በድንጋይም በእግርም ቀጠቀጠው። አንድ ፖሊስ ወደ ሰማይ ባይተኩስ ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር። አንድ ዓይኑ ፈሰሰ። ያንን ያደረገው ሌላው ሰው አይደለም፤ የእኔ የመጀመሪያው ምት ነው፤ አይቼዋለሁ።

ናሁሰናይን በአንድ አይሱዙ ጭነን ፍኖተ ሰላም ወሰድነው። መንገዱን ሙሉ ክንዱን በነጠላ ጠቅልዬ ይዤለት ነበር፤ እንዳይወድቅ ብዬ። ሐኪሞቹ የሚቻላቸውን አደረጉ፤ ክንዱ ግን ተቆረጠ። እኔም ስመለስ ታሰርኩ፤ በዘጠነኛው ቀን በዋስ ወጣሁ። ለጥቅምት ቀጠሮ አለኝ። እጅጉም ታስሮ ፍርዱን ይጠብቃል።

በወጣሁ ማግስት አያ ተስፋው ምንሽር ጠመንጃውን አምጥቶ ጭኔ ላይ አኖረው። የእህቱ ልጅ ክንድ ተቆርጦ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ እንደማይችል፣ እሱ ስላረጀ የእኔ ተራ እንደሆነ ነገረኝ። እናታችን ሰምታ አልቅሳ ለመነችው፤ አልሰማትም። እኔም እንቢ አላልኩም። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሰው ብገድል የምደብቀው መሰለኝ።

ጎህ ሲቀድ ከእጅጉ ቤት በላይ ባለው ባሕር ዛፍ ውስጥ ተኛሁ። ታናሽ ወንድሙ ይታገሱ በሬዎቹን ጠምዶ ሊያርስ ወጣ። ደረቱ ላይ አነጣጠርኩ። የእጅጉ ሚስት እናኑ ውኃ ይዛለት ከኋላው መጣችና የሆነ ነገር ስትለው ሣቀ። ያኔ ተኮስኩ። አፈሙዙን ያዞርኩት እኔ ልሁን እግዜር ይሁን ዛሬም አላውቀውም፤ ጥይቱ የቀኙን በሬ አንገት መታው። በሬው ቀንበሩን እንደተሸከመ በጉልበቱ ወደቀ፤ ሌላውን እየጎተተ ደሙን አፈሩ ላይ ረጨው። ይታገሱ መሬት ላይ ተደፋ። እናኑ ግን አልተደፋችም። እንስራዋን ጥላ ወደ ዛፉ እያየች «በቃችሁ! ምን ቀራችሁ? እኔንም ግደሉኝ!» ብላ ጮኸች። ሮጥኩ። እስክደክም ሮጬ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ደብራችን መሪጌታ ቤት ገባሁ፤ ጠመንጃውንም እግራቸው ሥር አስቀምጬ ሁሉን ነገርኳቸው። በሬውን ብቻ አይደለም፤ ቃሉንም።

መሪጌታ ጠመንጃውን አንሥተው ጥይቱን አወጡ። ከዚያ «ይህን እኔ ብቻ ሰምቼ ምን ይሠራል? እነሱ ይስሙት» አሉኝ።

ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰበሰቡ። በዚያ በኩል ይታገሱና እናኑ፣ በዚህ በኩል አክስታችን ካሰች፣ አያ ተስፋውና ቁስሉ ያልጠገገው ናሁሰናይ ተቀምጠዋል። ተነሥቼ ተናገርኩ። ፊልሙ እንዲያ አላለም፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ እጅጉም እዚያ መኖሩን አላውቅም ነበር አልኩ። አያ ተስፋው መሬቱን በዱላው ደበደበ። እናኑ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። ይታገሱ ራሱን ይዞ «ወንድሜ ለዚህ ነው የታሰረው?» አለ። አክስታችን ግን አላለቀሰችም። መጥታ ፊቴ ቆመችና «ከእንግዲህ ከቤቴ እህል አትቅመስ» አለችኝ።

ናሁሰናይ «ታዲያ ፊልሙ ምን ነበር የሚለው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሂድ፤ ካንተ ጋር ጠብ የለኝም ነው የሚለው» አልኩት።

አንድ ጊዜ ሣቀ፤ ሣቁ ያስፈራ ነበር። ከዚያ ፊቱን በግራ እጁ ሸፈነ።

እርቁ ወረደ። በበሬው ምትክ የእኛን በሬ ወይኖን ነድቼ ለይታገሱ አስረከብኩ። ስትሄጂ ጥጃ ነበር፤ እንደምታዝኚ አውቃለሁ። ናሁሰናይ ግን አንድ ወር ሙሉ አላናገረኝም።

ሰኔ ላይ ወደ አክስታችን ማሳ ሳልጠራ ሄድኩ። ናሁሰናይ እርፉን በግራ እጁ ይዞ፣ ጅራፉን የቀኝ ክንዱ ጉማጅ ላይ በገመድ አስሮ ሊያርስ ይታገላል። በሬዎቹ አልታዘዙትም፤ ፈሩ እየተጣመመ ሦስት ጊዜ አቋረጠ። ሄጄ ጅራፉን ከጉማጁ ፈታሁት። አየኝና ወደ ፈሩ መጀመሪያ ተመለሰ። እሱ እርፉን ይዞ፣ እኔ ከጎኑ እየሄድኩ በሬዎቹን እየነዳሁ እስከ ቀትር አረስን። አክስታችን ምሳ ይዛ መጣች። የአንድ ሰው ምሳ ነው። ድንበሩ ላይ አስቀምጣ፣ ወደ እኔ ሳታይ ቆመች። ናሁሰናይ በግራ እጁ እንጀራውን ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ወደ እኔ ገፋው። አይታ ሳትከለክለን ሄደች። በማግስቱም ያመጣችው የአንድ ሰው ምሳ ነበር። ተካፍለን በላን። እስካሁን እንዲሁ ነን።

እታለም፣ እኔ በላክኩት ፊልም ነው ብለሽ ራስሽን እንዳትወቅሺ። አንቺ የላክሽው ሌላ ነው፤ ሰው የሰማው ሌላ ነው። ለናሁሰናይ ደውዪለት። አያ ተስፋው የነገረሽን ውሸት ያመንሽ አትምሰዪ፤ እጅህ እንዴት ነው ብለሽ በግልጽ ጠይቂው። የሚፈልገው ይመስለኛል።

እናታችን በጸሎቷ ታስብሻለች፤ ጉንጭሽን እየሳመች ነው። አደይ ናፍቀሽኛል፣ ፎቶ ላኪልኝ ትላለች። አያ ተስፋው ይህን ደብዳቤ መጻፌን አያውቅም፤ እኔ ግን ስለ እሱ ሰላም ብዬሻለሁ። አብራሽ ላለችው ለመራዊዋ ልጅ ለሀኒ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ናሁሰናይ እጅ ይነሣሻል። አክስታችን ካሰች በእኔ በኩል ሰላምታ አትልክም፤ ስምሽ ሲነሣ ግን ሥራዋን አቁማ ታዳምጣለች።

ታናሽ ወንድምሽ ደረሰ

ቡሬ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2000 ዓ.ም.