ሽሮ የተሰፈረበት ኩባያ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፤ ፍኖተ ሰላም

ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ወርጄ ለልጄ ለሶስና አንዱ ባንዱ ውስጥ የሚገቡ የፕላስቲክ ኩባያዎች ገዛሁላት። ሻጩ በባትሪ የሚዘፍን ባቡር ቢያሞግስልኝም፣ ራሷ ደርድራ ራሷ የምትንደው ይሻላታል ብዬ ነው።

ዛሬ ከሥራ ስገባ ትልቁ ኩባያ የለም። ሶሲ አልጋ ሥር ሳይቀር እያጎነበሰች ትፈልጋለች።

«እማማ፣ ትልቁን አይተውታል?» አልኋቸው አማቴን።

«ሽሮ ሰፍሬ ለጎረቤት ሰጠሁበት። እንዴት ያለ መስፈሪያ ገዝተሻል፣ እጅሽ ይባረክ!»

ሳቄን ዋጥሁ። ላመጣው ስነሳ ቆጣ አሉ። «ተይ! ዕቃ ባዶውን አይመለስም። የሚሞሉበት ሳያገኙ ሄደሽ አታሳፍሪያቸው።»

አመሻሹ ላይ ኩባያው ቆሎ ሞልቶ መጣ። አማቴ «አላልሁሽም?» በሚል ዓይን አዩኝ። ሶሲ ግን ተቀብላ ቆሎውን ምንጣፉ ላይ ደፋችውና ትንንሾቹን ኩባያዎች ተራ በተራ ከተተችበት። በትክክል! እኔ አጨበጨብሁ፤ አማቴ እያጉረመረሙ ቆሎ ይለቅማሉ።

ሶሲ አየቻቸው። የመጨረሻዋን፣ ትንሿን ኩባያ አነሳች፤ አንዲት ሽንብራ ጨመረችባትና ለአያቷ ዘረጋች።

አማቴ በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። «አየሽ፣ ባዶውን አልሰጠችኝም!»